ጠይቁን፦ የላንድክሩዘሬን የጭስ መቆጣጠሪያ ነቅዬ ልጣለው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሎስ አንጀለስ ነው። የ1984 ሞዴል ላንድክሩዘር ኤፍጄ60 ገዝቼ ሞተሩን አስወርጄ እያደስኩ ነው። የሚሠራልኝ ጓደኛዬ አገር ቤት ስንቱን ላንድክሩዘር በትኖ የገጠመ ልጅ ነው። «ይሄ ሁሉ ቱቦና ፓምፕ ጉልበት ከመብላት ሌላ ሥራ የለውም፣ ነቅለን እንጣለው» ይለኛል። ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ አትንቀለው ወንድሜ። ጓደኛህ ዝም ብሎ አላወራም፤ ያንተ መኪና ላይ ያለው 2ኤፍ የሚባል ሞተር፣ ሌላ አገር የተሸጠው ያለዚያ ሁሉ ኮተት ይሠራል፣ እሱም የለመደው ያንን ነው። ያንተ መኪና ግን ካሊፎርኒያ ነው ያለው። እዚያ ከስሞግ ቼክ፣ ማለትም ከጭስ ምርመራ፣ ነፃ የሆነው የ1975 ሞዴልና ከዚያ በፊት ያለ የቤንዚን መኪና ነው። ያንተ በየ2 ዓመቱ ይመረመራል፣ መርማሪው ደግሞ ጭሱን ለክቶ ብቻ አይሸኝህም፣ ኮፈኑን ከፍቶ ዕቃው በቦታው መኖሩን ያያል። ጭሱ ንጹሕ ሆኖ ኢጂአር ቫልቩ (ጭስ ወደ ሞተሩ የሚመልሰው) ከሌለ ወደቅህ። «ቨርጂንያ ያለው ዘመዴ አይመረመርም» እንዳትለኝ፤ እውነት ነው፣ እዚያ 25 ዓመት የሞላው መኪና ከጭስ ምርመራ ነፃ ነው፣ መንቀሉን ግን የፌዴራሉ የንጹሕ አየር ሕግ የትም ይከለክላል።

ሕጉን እንተወውና፣ ጉልበት ይበላል የሚለውም የተጋነነ ነው። ኢጂአር ከተቃጠለው ጭስ ጥቂቱን ወደ ሞተሩ መልሶ ቃጠሎውን ያበርዳል። ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳትረግጥ ሞተሩ ሲዞር፣ ዝግ ነው። ነዳጁን እስከ መጨረሻ ስትረግጠውም ይዘጋል፣ ስለዚህ ጉልበት በምትፈልግበት ሰዓት አይነካህም። ነቅለኸው ካርቡራቶሩንና የእሳቱን ታይሚንግ እንደነበረ ከተውከው ግን፣ ዳገት ላይ ቴስታታው ውስጥ ጠጠር የተበተነ ይመስል መንኳኳት ይጀምራል። የሞተሩን የውስጥ ጭስ የሚያስወጣውን ፒሲቪ ቫልቭ መድፈን ደግሞ የባሰ ነው፤ ሞተሩ ውስጥ የሚታመቀው ግፊት መውጫ ሲያጣ አዲስ በቀየርከው ጓርኒሲዮን በኩል ዘይት ይተፋል። የአየር ፓምፑ በቺንጊያ ስለሚዞር ትንሽ ይወስዳል፣ አልክድም። በዚህ መኪና አይታወቅህም እንጂ።

ሰው «የስሞጉ ዕቃ ነው ያበላሸው» የሚለው አብዛኛው ጣጣ የቫክዩም ቱቦ (የሞተሩን የመሳብ ኃይል ወደ ዕቃዎቹ የሚያደርሰው ቀጭን ጎማ) ነው። 40 ዓመት የሞላው ጎማ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ አየር ይስባል፣ ሚኒሞው አልረጋ ይላል። አዲስ ቱቦ ግዛ። ሞተሩን አስወርደሃልና እያንዳንዱ ጫፍ ላይ ፕላስተር ለጥፈህ ቁጥር ጻፍበት፣ ኮፈኑ ሥር የተለጠፈውን የቱቦ ሥዕልም ሳይላጥ ፎቶ አንሳው። የምቀናብህ ነገር ቢኖር ይሄ ነው፣ ሁሉም ፊትህ ተዘርግቷል!

ኢጂአሩን ስትገጥመው መተላለፊያውን ከጥቀርሻው ፈቅፍቀህ አጽዳ። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ በሚኒሞ እየሠራ ቫልቩ ላይ በእጅ ፓምፕ ቫክዩም ስጠው፤ ሞተሩ ከተንገዳገደ ወይም ከጠፋ ደኅና ነው። ምንም ካልተለወጠ ወይ መተላለፊያው ተደፍኗል፣ ወይ ውስጡ ያለችው ስስ ሽፋን ተቀድዳለች።

ካታሊቲኩን (ጭስ ማውጫው ላይ ያለውን የጭስ ማጽጃ) የምትቀይር ከሆነ ርካሹን አትግዛ፣ የካሊፎርኒያ የፈቃድ ቁጥር የታተመበትን ፈልግ። ከቀድሞው ባለቤት የጎደለ ዕቃ ካለና በገበያ ከጠፋ ደግሞ፣ ስሞግ ቼክ ሬፈሪ የሚባሉት የካሊፎርኒያ ልዩ መርማሪዎች ጋ ቀጠሮ ያዝ። ዕቃውን በማፈላለግ ያግዙሃል፣ በእርግጥ የማይገኝ ከሆነም ለዚያች ዕቃ ብቻ ነፃ ሊያደርጉህ ይችላሉ።