ልጆቹ ለክረምት አያታቸው ጋ ሲሄዱ

ጥያቄ፦ የ7 እና የ10 ዓመት ልጆቼን እንደ አምናው ለክረምት ደብረ ብርሃን አካባቢ ገጠር ወዳሉት አያታቸው ልልካቸው ነው። የአጎትና የአክስት ልጆች ሁሉ እዚያ ስለሚሰበሰቡ ቀኑን እየቆጠሩ ነው። አምና ግን ሁለቱም ተቅማጥ ይዟቸው ከስተው ተመለሱ። የታሸገ ውሃ ብልክ አማቴ «ውሃዬን ተጸየፈችው» ብለው እንዳይቀየሙኝ ፈራሁ። ምን ይሻለኛል? (እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ይላኳቸው። በግ መጠበቁን፣ ነሐሴ 13 ለቡሄ ከዘመድ ልጆች ጋር ሆያ ሆዬ ማለቱን ሌላ ቦታ አያገኙትም። የታሸገው ውሃ ግን ይቅር፤ ለሁለት ወር አይበቃም፣ አማትዎንም ያስከፋል። ይልቅ አፈ ጠባብ አዲስ ጀሪካን ከቡናውና ከስኳሩ ጋር ይላኩ።

ማታ ወጡ ሲወርድ በዚያው እሳት ላይ ውሃ ይጣድ። አካባቢው ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ መንተክተክ እንደጀመረ አይውረድ፣ 3 ደቂቃ ይቆይ። ተከድኖ ይደርና ጠዋት ወደ ጀሪካኑ ይገልበጥ። ብዙ ቤት ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ ውሃው በደንብ ፈልቶ ባልዲ ውስጥ ይቀመጣል፣ ከዚያ ከብት ሲነካ የዋለ እጅ ኩባያ ይዞ ይገባበታል። ከጀሪካን ግን ይቀዳል እንጂ አይጠለቅም።

ወተቱም ይፍላ። ዕቃው በወይራ መታጠኑ መዓዛ ይሰጠዋል እንጂ ማፍላትን አይተካም፤ በጥሬ ወተት የሳንባ ነቀርሳ ሳይቀር ይተላለፋል። እርጎም ቢሆን ወተቱ ፈልቶ ለብ ካለ በኋላ ይርጋ።

ይህን ሁሉ ለአማትዎ ባለቤትዎ ቢነግሯቸው ይሻላል፤ ከልጅ ሲሰሙት ምክር ነው፣ ከምራት ሲመጣ ነቀፋ ይመስላል።

ተቅማጥ ከያዛቸው ኦአርኤስ ይጠጡ። ከሌለ 1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጥበጥ። ማንኪያው ልሙጥ ይሁን፤ ጨው ከበዛ ልጁን ይጎዳዋል። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋ። ሰገራው ደም ካለው፣ ዐይኑ ከሰረጎደ ወይም መጠጣት ካቃተው ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ባይጠይቁንም አንድ ነገር እንጨምር፦ ሌሊቱ ብርድ ስለሆነ ከሰል ይቀጣጠላል። ልጆቹ ከመተኛታቸው በፊት ማንደጃው ከክፍሉ ይውጣ፤ ጭስ ባይታይም ጋዙ ይገድላል።