ልጃቸው ማሞቂያ ክፍል ለሰነበተባቸው ወላጆች፦ ጥያቄና መልስ

የጨቅላ ሕፃናት ፅኑ ሕክምና ክፍል ነርስ ነኝ። ወሩ ሳይሞላ የተወለደ ልጅ ይዛችሁ ሆስፒታል የከረማችሁ ወላጆች ጥያቄ ላኩልኝ ብዬ ነበር። ላካችሁ፣ ያውም በብዛት። ተመሳሳዩን አንድ ላይ አድርጌዋለሁ። የመድኃኒት መጠን የጠየቃችሁኝን ግን ትቼዋለሁ፤ እሱን ልጁን የያዘው ሐኪም ይንገራችሁ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ልጄ በ30 ሳምንቱ ነው የተወለደው፣ 1,250 ግራም። ከገባን ሳምንታችን ነው። መቼ እንደምንወጣ ስጠይቅ ሁሉም «እናያለን» ይለኛል። ዛሬ ጭራሽ ክብደቱ ቀንሷል አሉኝ።

መልስ፦ «እናያለን» የሚሉሽ ደብቀውሽ አይደለም። መውጫውን የሚወስነው ልጁ ራሱ ነው። ያለ ማሞቂያ ሙቀቱን ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ይዞ መቆየት አለበት። ትንፋሹን ሳያቋርጥ በርከት ያሉ ቀናት ማለፍ አለበት። በጡት ወይም በሲኒ በቂ መመገብና ክብደት መጨመርም አለበት። ስንት ግራም ሲደርስ ነው የሚለው ከሆስፒታል ሆስፒታል ይለያያል። ለራስሽ ግምት ከፈለግሽ መወለድ የነበረበትን ቀን አስቢ። ብዙዎቹ የሚወጡት በዚያ አካባቢ ወይም ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብለው ነው። ከዚያ ከቀደመ ምርቃት ነው።

የክብደቱ መቀነስ የሚጠበቅ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት 10 በመቶ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወርዳሉ፤ አብዛኛው ውሃ ነው። በሁለት ሳምንት ገደማ ይመልሱታል። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ኪሎ በቀን 15 ግራም ያህል ሲጨምሩ እኛ ደስ ይለናል። ለአንቺ ልጅ ወደ 20 ግራም መሆኑ ነው። ስለዚህ መቶ ግራም እየጠበቅሽ አትብሰልሰዪ። የአንድ ቀኑን ተዪውና የሳምንቱን እዪ።

ጥያቄ፦ ልጄ በአፍንጫዋ በገባ ቱቦ ነው የምትመገበው። ጡቴን ሳልበው ጠብታ ብቻ ነው የሚወጣው። የቆርቆሮ ወተት ልግዛ?

መልስ፦ ቶሎ አትግዢ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚጠበቀው ጠብታ ነው፤ ያቺ ቢጫ፣ ወፈር ያለችው እንገር ናት። የልጅሽም ሆድ የሚችለው ጥቂት ሚሊ ሊትር ነው። በሲሪንጅ 1 ሚሊ ሊትር ብታመጪ እንኳ እጃችንን ዘርግተን እንቀበልሻለን። ወሩ ያልሞላ አንጀት በቀላሉ ይጎዳል። ሆድ የሚነፋና አንጀት የሚያቆስል ከባድ ሕመም አለ። የእናት ወተት በሚያገኙት ልጆች ላይ ይሄ ሕመም የቆርቆሮ ከሚያገኙት በጣም ያነሰ ነው።

አስተላለቡ ወሳኝ ነው። እጅሽን ታጠቢ። ጡትሽን በሞቀ ፎጣ ያዥና ቀስ ብለሽ እሺው። አውራ ጣትሽን ከላይ፣ ሌባ ጣትሽን ከታች፣ ከጫፉ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ራቅ አድርገሽ አስቀምጪ። መጀመሪያ ወደ ደረትሽ ግፊ፣ ከዚያ ሁለቱን ጣቶች አገናኝተሽ ጭመቂ፣ ልቀቂ። ጫፉን አትጎትቺ፣ ጣትሽንም ቆዳው ላይ አታንሸራትቺ፤ የሚያምሽ እሱ ነው። መፍሰሱ ሲቀንስ ጣቶችሽን አዙረሽ ሌላ ቦታ ያዢ። ይሄ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 8 ጊዜ ይደረግ፣ ሌሊትም ተነሺ። ሌሊቱን ሙሉ ያልታለበ ጡት «አልተፈለግሁም» ብሎ ይቀንሳል። ልጅሽን ከደረትሽ እንዳወረድሻት ወይም አጠገቧ ቁጭ ብለሽ ብታልቢ ደግሞ ይበልጥ ይወርድልሻል።

ዕቃው ላይ ስም፣ ቀንና ሰዓት ጻፊበት። ክፍሉ የማይሞቅ ከሆነ ውጭ 4 ሰዓት ይቆያል፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን። ለእነዚህ ልጆች ግን ትኩሱ ይመረጣል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በኦፕሬሽን ወልዳ ገና አልተነሳችም። ነርሶቹ «አባት ካንጋሮ ያድርግ» አሉኝ። የምር ነው? ወንድ ነኝ እኮ።

መልስ፦ የምር ነው ወንድሜ። ካንጋሮ ማለት ልጁን ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ አድርጎ ማቀፍ ነው። ወተቱ ብቻ ነው የሌለህ፤ ደረት አለህ።

ታጥበህ ና። ሽቶና ሲጋራ የለም። ሸሚዝህን ክፈት። ልጁ የሚለብሰው ዳይፐር፣ ኮፍያና ካልሲ ብቻ ነው። ደረትህ መሀል ላይ ቀጥ ይበል፣ እጅና እግሩ እንደ እንቁራሪት ይታጠፍ፣ ፊቱ ወደ አንድ ጎን ይዙር። አገጩ ትንሽ ቀና ማለት አለበት። ወደ ደረቱ ከተደፋ የትንፋሽ መንገዱ ይጠባል፤ ይቺን ደጋግመህ እያት። ከዚያ በነጠላ እስከ ጆሮው ድረስ ጠበቅ አድርገህ እሰረው፣ ጋቢ ደርብ። አንዴ ከያዝከው ቢያንስ አንድ ሰዓት አታውርደው። አሥር ደቂቃ ይዞ መመለስ ልጁን ማድከም ነው።

ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ቦጎታ ነው፤ ማሞቂያ ማሽን አልበቃ ብሎ። ዛሬ ግን የማሽን ምትክ ብቻ አይደለም፣ ሕክምና ነው። የእኛዎቹ ሐኪሞች ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ላይ ሞክረውት፣ እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመው ጥናታቸው ካንጋሮን ቶሎ የጀመሩት ልጆች በተሻለ ሁኔታ ተርፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ የተሠራው ጥናት ወጣ። እንደተወለዱ ወዲያው በተጀመረላቸው ልጆች ላይ ሞት በ25 በመቶ ቀንሷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት ይደረግ ያለው ከዚህ በኋላ ነው። አንድ ሰው 24 ሰዓት አይችልም። አያት፣ አክስት፣ አባት ተራ ይግቡ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ የሰባት ወር ልጅ ያድጋል፣ የስምንት ወር ግን አያድግም ይባላል። የልጅ ልጄ በስምንት ወሩ ነው የመጣው። እውነቱን ንገሪኝ።

መልስ፦ እማማ፣ እውነቱ ተቃራኒው ነው። ሆድ ውስጥ በቆየ ቁጥር ሳንባው ይበረታል። የስምንት ወሩ ከሰባት ወሩ የተሻለ ዕድል አለው። ይሄ አባባል ግን እኛን ፈትኖናል። «አያድግም» ስለተባለ ቤተሰቡ ተስፋ ቆርጦ፣ እናትየዋም ወተት ማለቡን ስትተው አይቻለሁ። እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት። እርስዎ «ያድጋል» ካሉ ቤቱ ይሰማል።

ጥያቄ፦ ቅቤ ማላስ፣ የአብሽ ውሃ፣ ጤና አዳም፣ ለቢጫው የጠዋት ፀሐይ... የቱ ይፈቀዳል?

መልስ፦ አንዱም። ከእናት ወተትና ሐኪም ካዘዘው ውጭ ወደ አፉ የሚገባ ነገር የለም። ለቢጫው ፀሐይ አይበቃም፣ ልጁንም ያቀዘቅዘዋል። ሕክምናው ሰማያዊው መብራት ነው፤ ዐይኑን የሚሸፍኑትም ብርሃኑ እንዳይጎዳው ነው። እንጥል ማስቆረጥን ደግሞ ጭራሽ አታንሱብኝ።

ጥያቄ፦ አራስ ነኝ። እናቴ «ብርድ ይመታሻል፣ ምች ይመታሻል» ብላ ከቤት አላስወጣ አለችኝ። ልጄ ሆስፒታል ተኝቶ እኔ እያለቀስኩ ገንፎ እበላለሁ።

መልስ፦ እናትሽ የምትለው ከፍቅር ነው፤ አራስ እንክብካቤ ያስፈልጋታል። ግን የምትታረሺው ልጅሽ ባለበት ይሁን። እናትሽን ይዘሻት ነይ። የልጁን ጣት አንዴ ከያዘች ማታ «ነገ ስንት ሰዓት ነው የምንሄደው?» የምትለው እሷ ናት። ብዙ አያቶችን ያሸነፍነው እንዲህ ነው። ገንፎውም አጥሚቱም ሆስፒታል ይምጣ። ተከናንበሽ በራይድ ወይም በኮንትራት ታክሲ ነይ፣ ሚኒባስ ላይ አትጋፊ።

ከክፍለ ሀገር ሪፈር ተጽፎላችሁ የመጣችሁ ደግሞ የእናቶች ማረፊያ እንዳለ ጠይቁ። ያለው ሆስፒታል አለ። በሌለበት እናቶች ኮሪደር ላይ ካርቶን አንጥፈው ያድራሉ። ይሄ ሁሌም ያበሽቀኛል። እንዲህ እያደረች ወተቷ ለምን ቀነሰ ይባላል?

ሌላ ነገር። ብዙ ልጅ ያለ ቀኑ የሚወለደው በእናቱ የደም ግፊት የተነሳ ነው፣ ግፊቱ ደግሞ ከወሊድ በኋላም ሊነሳ ይችላል። ከባድ ራስ ምታት፣ የዐይን ብዥታ ወይም ትኩሳት ካለሽ፣ ወይም በአንድ ሰዓት ሞዴስ የሚሞላ ደም ካየሽ፣ ወደ ልጁ ክፍል ሳይሆን ለራስሽ ድንገተኛ ክፍል ግቢ።

ጥያቄ፦ ማሽኑ ሲጮህ ነፍሴ ትወጣለች። ኦክስጅኑን ጨምሩለት ስላቸው አይሰሙኝም።

መልስ፦ መጀመሪያ ልጁን እዪ፣ ከዚያ ማሽኑን። ቀለሙ ደህና ከሆነና ደረቱ ከፍ ዝቅ ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ እግሩ ላይ ያለው ሽቦ ተንሸራቶ ነው። ትንፋሹን 20 ሰከንድ ያህል ካቋረጠ ወይም ከጠቆረ ግን ነርስ ጥሪ፣ እስክትደርስ የእግሩን መዳፍ ወይም ጀርባውን ሸት ሸት አድርጊው። ብዙዎቹ በዚያው ይመለሳሉ። ይሄ የሚሆነው የአንጎሉ የትንፋሽ ማዘዣ ገና ስላልበሰለ ነው፣ ሲያድጉ ይተዋቸዋል።

ኦክስጅን ላይ ነርሶቹ ልክ ናቸው። ኦክስጅን የሚሰጠው ልጅ መለኪያው ከ90 እስከ 95 ሲያሳይ ይበቃዋል። ከልክ ያለፈው የዐይኑን ደም ሥሮች ይጎዳል፣ እስከ መታወር ያደርሳል። ስለዚህ በትንሹ የተወለደ ልጅ ሁሉ በአራት ሳምንቱ ገደማ ዐይኑ በስፔሻሊስት መታየት አለበት። ማንም ካላነሳው አንቺ አንሺው።

ጥያቄ፦ ሐኪሞቹ ራውንድ ላይ በእንግሊዝኛ ተነጋግረው ያልፋሉ። ምን ብዬ ላስቁማቸው?

መልስ፦ ደብተር ግዢ። ጠዋት ሦስት ነገር ጻፊ፦ የዛሬ ክብደቱ፣ በአንድ ጊዜ የሚወስደው ወተት በሚሊ ሊትር፣ ትንፋሹን የሚያግዘው ነገር (ሲፓፕ፣ ማለትም በአፍንጫው አየር የሚገፋለት መሣሪያ፣ ኦክስጅን፣ ወይም ምንም)። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂ፦ «ከትናንት ምን ተለወጠ?» በራውንዱ ካልሆነ ሬዚደንቱን (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥነውን ሐኪም) ከሰዓት ያዢው። የምትጽፍ እናት ፊት መልስ የሚነፍግ ሐኪም ብዙም አላየሁም።

ጥያቄ፦ የግል ድርጅት ሠራተኛ ነኝ። የወሊድ ፈቃዴ ልጄ ሳይወጣ ሊያልቅ ነው።

መልስ፦ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ ያለሽ 90 ተከታታይ ቀን ነው። ከወሊድ በፊት የሚሰጠውን 30 ቀን ያለ ቀናቸው የሚወልዱ እናቶች ብዙውን ጊዜ ሳይነኩት ያልፋቸዋል። ያሳዝናል። የዓመት ፈቃድሽን አሁን ጠይቂ። ለከባድ ሁኔታ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ደመወዝ ፈቃድ አለ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ። ለአባት ግን 3 ቀን ብቻ ነው፤ እና አባቶች፣ የመጀመሪያዋን ሌሊት ብቻ ሳይሆን ልጁ የሚወጣበትን ቀንም አስቡ።

ጥያቄ፦ ከሜሪላንድ ነኝ። ልጄ 1,100 ግራም ተወለደች። እንግሊዝኛዬ ጥሩ አይደለም፣ የሆስፒታሉ ቢል (ሒሳቡ) ደግሞ ያስፈራኛል።

መልስ፦ እዚያ ሁለት ነገር ጠይቂ። አንደኛ፣ አስተርጓሚ። ሆስፒታሉ በነፃ ሊያቀርብልሽ ግዴታ አለበት፣ በስልክም ቢሆን። የአጎት ልጅ እንዲተረጉም አታድርጊ። ሁለተኛ፣ ሶሻል ወርከሯን «ኤስ ኤስ አይ ማመልከት እፈልጋለሁ» በያት፤ ኤስ ኤስ አይ የአሜሪካ መንግሥት ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ አካል ጉዳተኞች የሚሰጠው ወርኃዊ ድጎማ ነው። ከ1,200 ግራም በታች የተወለደ ልጅ በክብደቱ ብቻ እንደ አካል ጉዳተኛ ይቆጠራል። ሆስፒታል ሳለች ወጪዋን ሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሆነው የመንግሥት የጤና መድን) ከሸፈነ ክፍያው በወር 30 ዶላር ነው፣ ትንሽ ናት፤ ግን ማመልከቻውን ሳትወጣ አስገቢ።

ጥያቄ፦ መንታ ነበሩ፤ አንዷ አረፈች። ሰው ሁሉ «አንዱ ተርፎልሻል፣ ተመስገን በይ» ይለኛል። ከባድ ዕቃ አንስቼ ነው ብዬም አስባለሁ።

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ። ዕቃው አይደለም። መንታ እርግዝና በራሱ ያለ ቀኑ የመምጣት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ተመስገንም በይ፣ አልቅሺም፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ስም አውጥተሽላት ከሆነ በስሟ ጥሪያት። ማሞቂያው አጠገብ ስታለቅሺ ያየሁሽ ነርስ ብሆን ወንበር አመጣልሽ ነበር እንጂ «አይዞሽ፣ ተይ» አልልሽም። እንቅልፍና ምግብ ከሁለት ሳምንት በላይ እንቢ ካለሽ ግን ለሐኪም ንገሪ፣ ለዚህም ሕክምና አለው።

ጥያቄ፦ ክርስትናው በ40 ቀኑ ነው ወይስ «በተስተካከለው ዕድሜው»?

መልስ፦ ሳቅኩ፤ ጥያቄው ግን ደህና ነው። የተስተካከለ ዕድሜ ለእድገት ብቻ ነው። በ10 ሳምንት ቀድሞ የተወለደ የአራት ወር ልጅ፣ የሚጠበቅበት የአንድ ወር ተኩል ልጅ ያህል ነው። እስከ ሁለት ዓመቱ እንዲህ ቁጠሩለት፤ ከጎረቤት ልጅ ጋር አታወዳድሩት። ክትባት ግን በተወለደበት ቀን ይቆጠራል፦ 6፣ 10 እና 14 ሳምንት። የክርስትናውን ቄሱን ጠይቁ፤ ልጁ ከታመመ 40 ወይም 80 ሳይሞላ ይጠመቃል።

ጥያቄ፦ ነገ እንወጣለን። ሌሊት ዝም ሲል ምን ላድርግ?

መልስ፦ በጀርባው አስተኚው፤ ካንጋሮውን እስኪፈራገጥና እንቢ እስኪል ቀጥዪ። ከመውጣትሽ በፊት ሦስት ነገር እጅሽ መግባቱን አረጋግጪ፦ የቀጠሮ ወረቀት፣ የብረት ጠብታ (የታዘዘ ከሆነ)፣ የክፍሉ ስልክ። ጡት እንቢ ካለ፣ በደቂቃ ከ60 በላይ ከተነፈሰ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ ከቀዘቀዘ ወይም ካተኮሰ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ከዛለ እስኪነጋ አትጠብቂ። መንገድ ላይም ደረትሽ ላይ ታስሮ ይምጣ።