አጥንት ቆጥሮ ጋብቻን መከልከል ይገባልን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰንብተዋል? የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ትልቋ ልጄ በሰንበት ትምህርት ቤት አብሯት የሚዘምር ልጅ ወድዳለች። ጠባዩ የታረመ፣ ብየዳ ቤት ከፍቶ የሚያድር ልጅ ነው። ሽማግሌ ሊልክ መሆኑን ሲሰማ ግን ባለቤቴ «አያቱ ቀጥቃጭ ነበሩ፤ ቤቱ የቡዳ ቤት ነው፤ አጥንታችንን አናበላሽም» ብሎ ከለከለ። በሰፈራችን ዝክር የልጁ እናት ከበሩ አጠገብ ትቀመጣለች፤ የምትጠጣበትም ዋንጫ የተለየ ነው። ይህን ሁሌም አይ ነበር፤ አሁን ግን ልጄን ነካት። የባለቤቴ ቃል በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ቦታ አለውን? ልጄስ እምቢ ብትል ኃጢአት ይሆንባታልን? ወለተ ማርያም ነኝ።

መልስ፦ እኅቴ ወለተ ማርያም፣ እኔም እዚሁ ጎንደር ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። ልጅ ሳለሁ ከባለእጅ ቤት ደጃፍ በሩጫ እንድናልፍ ይነገረን ነበር፤ እኛም እንሮጥ ነበር። ስለዚህ ባለቤትዎን ከሩቅ ሆኜ አልፈርድባቸውም። ነገር ግን ቃላቸው በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ቦታ የለውም።

ቤተ ክርስቲያን ጋብቻን የምትከለክልባቸው ምክንያቶች የታወቁ ናቸው፤ የሥጋ ዝምድና፣ የክርስትና ልጅነት ዝምድና፣ የእምነት ልዩነት፣ ያልፈረሰ ሌላ ጋብቻና የመሳሰሉት። እስከ ሰባት ቤት የምንቆጥረው ዘመዳሞች እንዳይጋቡ ነው። ባለቤትዎ ግን ቆጠራውን ገልብጠውታል፤ ዝምድና ፍለጋ ሳይሆን የአያት መዶሻ ፍለጋ ቆጠሩ። ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 18 ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም ይላል። ኃጢአቱን እንኳ ካልተሸከመ፣ ኃጢአት ያልሆነውን ሙያውን እንዴት ይሸከማል?

ስለ ቡዳ ግልጽ ልሁን። ክፉ መንፈስ ሰውን እንደሚፈትን እናምናለን፤ በጸሎትና በጠበልም እንዋጋዋለን። ክፉ መንፈስ በወናፍና በሸክላ ከአባት ወደ ልጅ ይወረሳል የሚል ትምህርት ግን የለንም። ይህ ስድብ የመጣው ከሃይማኖት ሳይሆን ከመሬት ነው ብዬ አምናለሁ። ርስት የተነፈገ ሰው በእጁ ሥራ ያድራል፤ ርስት ያለው ደግሞ በሠራለት ማረሻ እያረሰ ሠሪውን ይጸየፈዋል። እዚህ ጎንደር አጠገብ ወለቃ የነበሩት ቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ብረት ቀጥቅጠው፣ ሸክላ ሠርተው አገሩን ሲያገለግሉ የኖሩት በዚሁ ስድብ ሥር ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰው ነበር። ስድቡ ግን ከአዋጁ ዕድሜ በለጠ። እኛ መምህራንም በዐውደ ምሕረት ላይ ስለ ጾምና ስለ አሥራት የተናገርነውን ያህል ስለዚህ ጉዳይ አልተናገርንም፤ ለዚህ ዕዳ አለብን።

እስቲ እሑድ ሲያስቀድሱ ዙሪያዎን ይመልከቱ። ካህኑ የያዘውን መስቀልና ጽናውን ያበጀ፣ ጸናጽሉን የሠራ ባለእጅ ነው። ወንጌሉ የተጻፈበትን ብራና ያዘጋጀ፣ ከበሮውን የለጎመ ቆዳ ሠሪ ነው። የለበሱት ነጠላ ከሸማኔ እጅ የወጣ ነው። መስቀሉን ተሳልመን የሠሪውን ልጅ የምንጸየፍ ከሆነ የተሳለምነው ምንድን ነው? እግዚአብሔር የድንኳኑን ዕቃ የሚሠራውን ባስልኤልን በመንፈሱ እንደሞላው በኦሪት ዘጸአት 31 ተጽፏል፤ ወርቅ፣ ብርና ናስ እንዲሠራ ነው የሞላው። ጳውሎስ ድንኳን ሰፊ ነበር። ጌታችንንም በአገሩ «ይህ ጸራቢው አይደለምን?» ብለው ተሰናከሉበት። በቁመናውና በትምህርቱ ነቀፋ ሲያጡ ሙያውን አነሡ።

ስለ ዋንጫው የጻፉት ከሁሉ በላይ አሳዘነኝ። ያች እናት ቆርባ ከሆነ የክርስቶስን ደም ከእናንተ ጋር ከአንድ ጽዋ ተቀብላለች። ደሙን ከአንድ ጽዋ የተቀበለ ሰው ለጠላ ዋንጫ ይለያልን? የቆሮንቶስ ሰዎች አብረው ሲበሉ ድኻውን ባሳፈሩ ጊዜ ሐዋርያው «የእግዚአብሔርን ቤተ ክርስቲያን ትንቃላችሁን?» ብሎ ገሠጻቸው። ዝክሩ የቅዱሱ መታሰቢያ ከሆነ፣ ከበሩ አጠገብ ያለውን መቀመጫና የተለየውን ዋንጫ የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም መሪው፣ በሚቀጥለው ወር ያንሣ። ካላነሣ እርስዎ ተነሥተው ከእርሷ ጎን ይቀመጡ።

ልጅዎን በተመለከተ፣ «ልጆች ሆይ፣ ለወላጆቻችሁ በጌታ ታዘዙ» ተብሏል፤ «በጌታ» የሚለው ቃል እንዳይረሳ። ማርያም የሙሴ እኅት ወንድሟ ኢትዮጵያዊት ስላገባ ባማችው ጊዜ በለምጽ የተመታችው ሐሜተኛዋ ናት እንጂ ሙሽራይቱ አይደለችም። ልጅዎ የአባቷን ስድብ ባትቀበል ኃጢአት የለባትም። ሆኖም ኩብለላን አልመክራትም፤ ለተክሊል የሚበቃ ጋብቻ በሌሊት በር ባይጀምር ይሻላል። አባቷንም እያከበረች፣ ድምፅ ሳታሰማ ሳይሆን በግልጽ ትናገር።

ለባለቤትዎ አንድ ጥያቄ ያቅርቡ፦ በልጁ ላይ ያዩት ነውር ምንድን ነው? ሰካራም ነውን? ሐሰተኛ ነውን? ነውር ካለ ይነገር፤ እኔም አብሬያቸው እከለክላለሁ። ከሌለ ጉዳዩን ለንስሐ አባታችሁ ይንገሩ፤ ባለቤትዎን ቤት ድረስ መጥተው ያነጋግሯቸው። ከዚያ በፊት ግን እርስዎ ራስዎ ወደ ልጁ እናት ቤት ይሂዱ። ሳይጠሩ፣ አንድ ሙዳይ ቡና ይዘው። ቡናው በእናቱ ጀበና ይፈላ፣ በእርሷ ስኒ ይቀዳልዎ፤ ሦስተኛውን ሳይጠጡ አይነሡ። ሲመለሱ የት እንደዋሉ ባለቤትዎ ቢጠይቅዎ አይደብቁት።