ለሌለች እህት የተፈረመ መጽሐፍ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ አንድ ጉዳይ የሚያነሡ ሆነው ስላገኘናቸው አብረን አቅርበናቸዋል። ሦስቱም የሳይንስ ልብ ወለድ አድናቂዎች በሚሰባሰቡበት ጉባኤ ላይ ከትዳር ጓደኛ ጋር ስለ መገኘት ይጠይቃሉ። የጸሐፊዎቹን ስም በራሳቸው ፈቃድ ትተነዋል።

ጥያቄ፦ ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የሳይንስ ልብ ወለድ አነባለሁ። ባለቤቴ የቴሌኮም መሐንዲስ ሲሆን ልብ ወለድ የሚባል ነገር አያነብም፤ «ያልሆነ ነገር ምን ያደርግልኛል?» ይላል። ባለፈው ዓመት ለሦስት ቀናት በተካሄደ የአድናቂዎች ጉባኤ ላይ አብሮኝ እንዲገኝ ለመንኩት፤ እሱም ለእኔ ሲል እሺ አለና ሄድን። በመጀመሪያው ቀን አምስት የውይይት መድረኮችን ተከታተልን። አጠገቤ ተቀምጦ ስልኩን ሲነካካ ዋለ። አዳራሹ በሳቀ ቁጥር ወደ እኔ ዞሮ «ምን አሉ?» ይለኛል፤ ሳብራራለት ደግሞ የሚቀጥለው ያመልጠኛል። በሁለተኛው ቀን በጣም የምወዳት ደራሲ መጽሐፍ ትፈርም ስለነበር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ተሰለፍን። ቦርሳዬን ይዞ ከኋላዬ ቆመ። አላማረረም፤ ግን ሰዓቱን ሁለት ጊዜ ሲያይ አይቼዋለሁ። ተራዬ ሲደርስ ደራሲዋ ቀና ብላ አየችኝና ለማን ብላ እንደምትፈርም ጠየቀችኝ። ልነግራት ለዓመታት ብቻዬን ስለማመደው የኖርኩት አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረኝ። ባለቤቴ ከትከሻዬ ኋላ ቆሟል። «ለእህቴ ነው» አልኳት። አስፈርሜ ወጣሁ። እህት የለኝም። አሁን የዘንድሮው ጉባኤ ደርሷል። ባለቤቴ ነገሩን እንዲወደው ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ደብዳቤዎ በአብዛኛው ስለ ባለቤትዎ መሰላቸት የሚያወሳ ቢሆንም፣ አንብቤ ከጨረስኩ በኋላ ከአእምሮዬ አልወጣ ያለችው ግን ያቺ የሌለች እህት ናት። ባለቤትዎ ያን ዕለት ያጠፉት ነገር የለም፤ የማያውቋትን ደራሲ ለማየት አንድ ሰዓት ተኩል ቦርሳ ይዘው ቆመዋል። እርስዎ ግን እሳቸው እየሰሙ የራስዎን መጽሐፍ «የእኔ ነው» ለማለት አልቻሉም። ስለዚህ «እንዲወደው ምን ላድርግ» የሚለውን ለጊዜው አቆይተን፣ «ይህን ያህል እንደምወደው በፊቱ ማሳየት ለምን ከበደኝ» ከሚለው ብንጀምር እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ።

እንዲህ ያለ ጉባኤ ላይ ሰው በሌላ ቦታ የማያደርገውን ያደርጋል። አንዱ በሌለች ፕላኔት ላይ የሚነፍሰው ነፋስ አቅጣጫው ወዴት ሊሆን እንደሚገባ ግማሽ ሰዓት ይከራከራል፤ ሌላዋ ከሃያ ዓመት በፊት ያነበበችውን ምዕራፍ ስታነሣ እንባዋ ይመጣል። በአድናቂዎቹ መካከል ይህ አያሳፍርም፤ ምክንያቱም አጠገብ የተቀመጠው ሰው የባሰ ነው። ከእነሱ ወገን ያልሆነ አንድ ሰው፣ ያውም በየቀኑ በማዕድ የምንገናኘው ሰው መካከላችን ሲቆም ግን ራሳችንን በእሱ ዓይን ማየት እንጀምራለን። ባለቤትዎ ሰዓታቸውን ያዩት እግራቸው ስለደከመ ሊሆን ይችላል። እርስዎ ያነበቡበት ግን ፍርድ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ከጉባኤው በፊት ቤት ውስጥ የሚሠራ ነው። ለደራሲዋ ሊነግሯት የነበረውን ዓረፍተ ነገር ለባለቤትዎ ይንገሯቸው። ዓላማው እሳቸውን አንባቢ ለማድረግ አይደለም፤ መጽሐፉን እንዲያነቡትም አይጠይቋቸው። ያ መጽሐፍ በየትኛው የሕይወትዎ ወቅት እጅዎ ላይ እንደገባና ምን እንዳደረገልዎ ብቻ ይንገሯቸው፤ የእህትዎንም ነገር አይደብቁ። ሊስቁ ይችላሉ። ቢስቁም ደግ ነው፤ እኔም ስቄያለሁ፣ ግን እርስዎን ንቄ አይደለም።

ከዚያ ወደ ጉባኤው እንምጣ። አብሮ መሄድ ማለት ሦስቱንም ቀን ጎን ለጎን መቀመጥ ነው ያለ የለም። ብዙ ጉባኤዎች ከሙሉው መግቢያ ሌላ የአንድ ቀን መግቢያም ይሸጣሉ። ለባለቤትዎ የአንድ ቀን ብቻ ይግዙላቸው፤ ቀኑን ግን እሳቸው ይምረጡት። መርሐ ግብሩ አስቀድሞ ስለሚወጣ አብራችሁ ተቀምጣችሁ እዩት፤ እርስዎ ግን እርሳሱን ይዘው አያስምሩላቸው። ብዙዎቹ ጉባኤዎች፣ በተለይም ወርልድኮን እየተባለ የሚጠራው የዓለም የሳይንስ ልብ ወለድ ጉባኤ፣ ከልብ ወለዱ ጎን ለጎን የሥነ ፈለክ፣ የሕዋ ጉዞና የምሕንድስና ገለጻዎችን ይይዛሉ። ገለጻውን የሚሰጡትም አብዛኛውን ጊዜ በመስኩ የሚሠሩ ባለሙያዎች ናቸው።

የባለቤትዎ ሙያ ቴሌኮም መሆኑ ደግሞ የሚያስቀና ነው። የሳይንስ ልብ ወለድ ደራሲው አርተር ሲ. ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1945 በአንድ የሬዲዮ ሙያ መጽሔት ላይ ባሳተመው ጽሑፍ፣ ከምድር ወገብ በላይ በ36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ የሚዞር ሳተላይት ከምድር እኩል ስለሚዞር ባለበት የቆመ መስሎ እንደሚታይና፣ እንዲህ ያሉ ሦስት ጣቢያዎች ዓለምን በስርጭት ሊያዳርሱ እንደሚችሉ አስረድቶ ነበር። የመጀመሪያው እንዲህ ባለ ምሕዋር ላይ የዋለ ሳተላይት ሲንኮም 3 ሲሆን፣ የመጠቀውም እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ይህንን ታሪክ ባለቤትዎ ምናልባት ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። የማያውቁት ነገር ካለ ግን ይህ ይሆናል፦ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1937 በእንግሊዝ ሊድስ ከተማ በተካሄደችው፣ ጥቂት ወጣቶች ብቻ በተሰባሰቡባት የአድናቂዎች ጉባኤ ላይ ከተገኙት አንዱ ነበር። ይህን አንድ ጊዜ ጣል አድርገው ይተዉት። ሁለተኛ ካነሡት ስብከት ይሆናል።

በዕለቱ ጠዋቱን ተለያይታችሁ ዋሉ፤ ምሳ ላይ በተቀጠረ ሰዓት ተገናኙ፤ ማታ ደግሞ አድናቂዎች የገጸ ባሕርያትን ልብስ ለብሰው የሚታዩበት የአልባሳት ትርኢት ካለ አብራችሁ እዩ፤ ያን ለመመልከት ምንም ማንበብ አያስፈልግም። አብራችሁ በምትቀመጡበት መድረክ ላይ ቀልድ ሲያልፍ መሐል ላይ አያብራሩ። «ምሳ ላይ እነግርሃለሁ» ይበሏቸው፤ ምሳ ላይ የምታወሩት አታጡም። እንዲሁም ባለቤትዎ ሲበቃቸው ያለ ማኩረፍና ያለ ይቅርታ ወደ ማረፊያቸው መመለስ እንደሚችሉ አስቀድማችሁ ተስማሙ። እኔ ራሴ በአንድ ወቅት የትዳር ጓደኛዬን ተከትዬ በማይገባኝ ጉባኤ ሁለት ቀን ተቀምጬ አውቃለሁ፤ ዛሬ የማስታውሰው ወንበሩን ብቻ ነው።

ስለ ፊርማው ሰልፍ አንድ ነገር ልጨምር። ደራሲን ለማግኘት ሰልፍ ብቸኛው መንገድ አይደለም። በደራሲያን ላይ የሚያተኩሩ ጉባኤዎች አሥር የማይበልጡ ያህል አንባቢዎች ከአንድ ደራሲ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የሚያወጉበት ሰዓት ያዘጋጃሉ፤ ቦታው ውስን ስለሆነ አስቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል። እዚያ ማንም ከትከሻዎ ኋላ አይቆምም፤ ዓረፍተ ነገሩንም ለመናገር ጊዜ ይኖርዎታል። በፊልምና በቴሌቪዥን ላይ በሚያተኩሩት ትልልቅ ጉባኤዎች ግን ይህ ብዙም አይገኝም። በእነዚያ የተዋንያን ፊርማ አብዛኛውን ጊዜ በክፍያ ነው፤ ሕዝቡም እጅግ ብዙ ነው፤ ለምሳሌ በአሜሪካ ሳንዲያጎ ከተማ የሚካሄደው ኮሚክ-ኮን ከ130,000 በላይ ሰዎችን የሚያስተናግድ ነው። ለማይወድ የትዳር ጓደኛ የመጀመሪያ ጉባኤ እንዲሆን አልመርጠውም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ባለቤትዎ «ዘንድሮስ አልሄድም» ካሉ ብቻዎን ይሂዱ። ብቻዎን በመሄድዎ ትዳርዎ የሚጎድልበት ነገር አይታየኝም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በጣም ጎበዝ ልብስ ሰፊ ነች። ለዘንድሮው ጉባኤ የአንድ የጠፈር መርከብ አዛዥ ልብስ ለራሷ ሰፋች። ሳላስበው ደግሞ የረዳት አዛዡን ልብስ በእኔ ልክ ሰፍታ አልጋ ላይ ዘርግታ ጠበቀችኝ። እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ የምፈራው ደንበኛ እንዳያየኝ ነው። እምቢ ብል ስንት ሌሊት የሰፋችውን መናቅ ይሆንብኛል። ሌላው የሚያሳስበኝ ባለፈው ጊዜ ሰዎች ሳይጠይቁ ፎቶ ሲያነሷትና አንድ ሰው ካባዋን ሲነካ ማየቴ ነው። በዚህስ ምን ማድረግ ይገባኛል?

መልስ፦ ጌታዬ፣ ችግርዎ ከጉባኤዎቹ እኩል ዕድሜ አለው። የመጀመሪያው ወርልድኮን እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2 እስከ 4 ቀን 1939 በኒውዮርክ ሲካሄድ ከተገኙት 200 ያህል ሰዎች መካከል የመጪውን ዘመን ልብስ ለብሰው የመጡት ፎረስት አከርማንና ፍቅረኛው ሚርትል ዳግላስ ነበሩ። የሁለቱንም ልብስ የሰፋችው እሷ ናት። ለረጅም ዘመን ግን ስሙ ሲነሣ የኖረው በአብዛኛው የእሱ ነበር፤ የዛሬዎቹ ልብስ ሰሪዎች የእጅ ሥራዋን አስታውሰው ለእሷ ተገቢውን ቦታ መስጠት የጀመሩት ቆይተው ነው። በማግስቱ ዓመት በቺካጎ ጉባኤ የአልባሳት ትርኢት ተዘጋጀ፤ ከዚያ ወዲህም ልማድ ሆኖ ቀረ። የእኔ ፍርድ እንግዲህ ይህ ነው፦ ልብሱን መልበስና አለመልበስ የእርስዎ ፈንታ ሲሆን፣ ማን እንደሰፋው ለጠየቀ ሁሉ መናገር ግን ግዴታዎ ነው።

መልበሱ ካልሆነልዎ ደግሞ እንደ ክብር የሚታይ ሌላ ሥራ አለ። ከባድ ልብስ የለበሰ ሰው ያለ ረዳት መዋል አይችልም። የራስ ቁር ያደረገ ሰው ግራና ቀኙን ስለማያይ በደረጃ ላይ ክንዱን የሚይዘው ያስፈልገዋል፤ ጓንት ያጠለቀ ሰው የውሃ ጠርሙስ መክፈት ያቅተዋል፤ የተለጠፈው የትከሻ ጋሻ እኩለ ቀን ላይ መውደቁ አይቀርም። እርስዎ መርፌና ክር፣ መርፌ ቁልፍ፣ ማጣበቂያ፣ መቀስና ውሃ ከመምጠጫው ጋር በትንሽ ቦርሳ ይዘው አጠገባቸው ይገኙ። እንዲህ ያለ ረዳት በኮትና በከረባት ሆኖ ሥራውን ቢሠራ ደንበኛዎ ቢያይዎትም የሚያሳፍር ነገር አያገኝም። ነገር ግን «አልለብስም» የሚለውን ዛሬውኑ ይናገሩ፤ በጉባኤው ጠዋት አይሁን።

ስለ ፎቶውና ስለ መነካካቱ፦ ደንቡ ግልጽ ነው፤ ለፎቶ ይጠየቃል፣ ያለ ፈቃድ አይነካም። የኒውዮርኩ ኮሚክ-ኮን እ.ኤ.አ. በ2014 የገጸ ባሕርይ ልብስ መልበስ ፈቃድ መስጠት እንዳልሆነ የሚያሳስቡ ትልልቅ ማስታወቂያዎችን አቁሞ ነበር፤ ዛሬ አብዛኞቹ ጉባኤዎች የጽሑፍ የሥነ ምግባር ደንብ አላቸው። ሆኖም እርስዎ በራስዎ ተነሣሽነት ጠባቂ ሆነው ከመግባትዎ በፊት ባለቤትዎን ይጠይቋቸው። ፎቶ መነሣቱን የሚወዱ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ለዚያም ነው ሌሊቱን ሁሉ የሰፉት። በመካከላችሁ አንድ ምልክት ይኑር፤ ለምሳሌ ጓንታቸውን ካወለቁ «ግባና አስቁም» ማለት ይሁን። ከዚያ አልፎ የሚመጣውን ለጉባኤው ኃላፊዎች ያመልክቱ፤ ጠብ አይጀምሩ።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ሁለታችንም አድናቂዎች ነን፤ በጉባኤው ላይ እንደ ሙሽራ ሆነን እንከርማለን። በመመለሻው መንገድ ላይ ግን በየዓመቱ እንጣላለን። ምክንያቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ እንቅልፍ ነው። በአድናቂዎች ዘንድ «አምስት፣ ሁለት፣ አንድ» የሚባል የቆየ ደንብ አለ፦ በየቀኑ ቢያንስ አምስት ሰዓት መተኛት፣ ሁለት ጊዜ መመገብ፣ አንድ ጊዜ ገላን መታጠብ። ይህ ዝቅተኛው ነው እንጂ ጤነኛው አይደለም፤ እኔ ቢቻል አምስቱን ሰባት አድርጉት እላለሁ። ከጉባኤው መዝጊያ በኋላ በዚያው ማታ አትጓዙ፤ አንድ ሌሊት አድራችሁ ጠዋት ተነሡ። የገዛችኋቸው መጻሕፍት ስንት እንደሆኑና ስንት እንደወጣባቸው ደግሞ መንገድ ላይ አትቁጠሩ፤ ሻንጣው ቤት ደርሶ ሲከፈት ይቆጠራል።