ታክሲ ውስጥ ላጥባ ወይስ ጡጦ ልያዝ?

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ ቱሉ ዲምቱ ነው። ልጄ ሦስት ወሯ ነው። ታክሲ ውስጥ ስታለቅስ ማጥባት አፍራለሁ። ጡጦ ልያዝ?

መልስ፦ እህቴ፣ ምንም አትፈሪ፣ አጥቢያት! የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው እስከ 6 ወር የጡት ወተት ብቻ ነው፣ ውሃ እንኳ አይጨመርም። ጡትም ወተት የሚያመርተው ልጅ በጠባ ቁጥር ስለሆነ ቤት እስክትደርሺ ማስራቡ ለሁለታችሁም አይበጅም።

እኔም በዚያው መስመር እያጠባሁ ነው የተመላለስኩት። አንድ ቀን ረዳቱ «አራስ አለች፣ መስኮት ዝጉ!» ሲል አጠገቤ የነበሩት እናት የነጠላቸውን ጫፍ ፀሐይዋ በምትገባበት በኩል ዘርግተው፣ ልጄ ጠብታ እስክትተኛ ድረስ «ጥቢ የኔ እናት» እያሉ ያዙልኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ሕዝባችን ለአጥቢ እናት ደግ ነው። ከፊት የሚከፈት ልብስ ልበሺ፣ ከቻልሽ የመስኮት ዳር ያዢ፣ በቃ።