ጭንቀቱን እናንተ ተሸከሙላት

እንግሊዝ አገር ሆናችሁ የጉዲፈቻ ልጅ ለማሳደግ ለምትዘጋጁ ወጣቶች፦

ካውንስሉ (የአካባቢያችሁ አስተዳደር) «ሕፃኗን ለጊዜው በአሳዳጊነት ውሰዷት፤ ፍርድ ቤት ከፈቀደ በጉዲፈቻ ልጃችሁ ትሆናለች» ቢላችሁ፣ የተሰጣችሁ ተስፋ ብቻ ነው። ሐሳቡ ግን ጥሩ ነው፤ ጨቅላዋ ከቤት ቤት ከምትንከራተት ጭንቀቱን አዋቂ ይሸከምላት ነው።

እ.ኤ.አ. የ2014ቱ የሕፃናትና የቤተሰብ ሕግ ልጅቷ ወደ ቤተሰቧ ትመለስ ወይስ አትመለስ ለሚለው የፍርድ ሂደት የ26 ሳምንት ገደብ ቢያበጅም ሊራዘም ይችላል። እስከዚያ ወላጆቿ ራሳቸውን ለማስተካከል ይሞክራሉ፤ ዘመዶቿም ሊያሳድጓት ይችሉ እንደሆነ ይጠናሉ። ነገሩን ከሚያፈርሱት አንዱ ዘግይቶ ብቅ የሚል ዘመድ ነው። ስለዚህ እሺ ከማለታችሁ በፊት ጉዳይዋን የያዘችውን የካውንስሉን ሶሻል ወርከር ጠይቁ፦ የአባትየው ወገን ተጠይቋል? ማን ተጠንቶ አይሆንም ተባለ? ለምን? መልሱ «እየተጣራ ነው» ከሆነ አትቸኩሉ።

እናትየው ሕፃኗን በሳምንት ብዙ ቀን ልታያት ትችላለች፤ የምታመላልሱት እናንተ ናችሁ። እናቷ የገዛችላትን ልብስ አልብሷት። ቦርሳው ውስጥ ወተት፣ ዳይፐር፣ ቅያሪና አንድ ደብተር ይኑር፦ መቼ ጠባች፣ ስንት ሚሊ ሊትር፣ ምን ያህል ተኛች። የዕለት ማስታወሻችሁ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ስለሚችል ያያችሁትን ብቻ ጻፉ። «እናቷ 20 ደቂቃ አርፍዳ መጣች» ማስረጃ ነው፤ «እናቷ ግድ የላትም» ሐሜት ነው።

የእኛ ሰው ብዙ የሚሳሳተው ግን ሌላ ቦታ ነው፦ አዲስ ስም ማውጣት፣ በ80 ቀኗ ክርስትና ማስነሳት፣ ለአያት ለማሳየት አዲስ አበባ ይዟት መብረር፣ ፎቶዋን ፌስቡክ ላይ መለጠፍ። የጉዲፈቻው ትእዛዝ እስኪሰጥ አንዱም በእጃችሁ አይደለም። ሃይማኖቷንማ ካውንስሉ ራሱ እንኳ ሊቀይር አይችልም።

ፍርድ ቤት ለጉዲፈቻ እንድትሰጥ ቢፈቅድም ገና ነው። ካውንስሉ ልጅቷ ለእናንተ እንድትሆን በይፋ መወሰን አለበት፤ ለጉዲፈቻው ትእዛዝ ለማመልከትም ቢያንስ 10 ሳምንት አብራችሁ መኖር ይጠበቅባችኋል። ወላጆችም ሁኔታቸው ከተለወጠ ለመቃወም ፈቃድ መጠየቅ ይችላሉ።

ወደ ቤተሰቧ ትመለስ ከተባለ በአንድ ቀን አታስረክቡ፤ ተቀባዮቿ እናንተ ዘንድ እየመጡ ይመግቧት፣ ያጥቧት፣ ያስተኟት። ብርድ ልብሷን ሳታጥቡ ላኩት፤ የለመደችው ሽታ አብሯት ይሂድ።

ተቀጣሪ የሆናችሁ ደግሞ፣ የጉዲፈቻ የሥራ ፈቃድ የሚወሰደው ሕፃኗ ለአሳዳጊነት ቤታችሁ ስትገባ ነው። በኋላ ጉዲፈቻው ሲጸድቅ ለዚያችው ልጅ ሁለተኛ ፈቃድ ስለሌለ፣ ለአሠሪያችሁ ቀድማችሁ በጽሑፍ አሳውቁ።