ኩሽናው ለስንት ሰው ነው?

ጥያቄ፦

ውድ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የአዳማ ልጅ ነኝ፤ ያደግኩት ፍራንኮ አካባቢ ነው። ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ጨርሼ ውጭ አገር መካኒካል ኢንጂነሪንግ የመማር ዕድል አግኝቻለሁ። ዩኒቨርሲቲው የመኖሪያ ፎርም ልኮልኛል። ከተለያየ አገር የመጡ ተማሪዎች ሆን ተብሎ አንድ ላይ የሚኖሩበት ቤት አላቸው። እዚያ ለመግባት ግን «ከዚህ ኑሮ ምን ትጠብቃለህ?» ለሚል ጥያቄ አንድ ገጽ መጻፍ አለብኝ። «የዓለም ሕዝቦችን ለማቀራረብና የባህል ልውውጥ ለማድረግ እጓጓለሁ» ብዬ ጀመርኩና ከዚያ በኋላ ቃል ጠፋኝ። እማዬ ደግሞ እዚያው አገር ያለው አጎቴ ጋ እንድኖር ነው የምትፈልገው። ከግቢው በባቡር 40 ደቂቃ ይርቃል። «ማን ያበስልልሃል? ጾሙንስ እንዴት ልትሆን ነው?» ትለኛለች። እኔ ቤቱን በጣም ፈልጌዋለሁ። ግን እንግሊዝኛዬ ያሳፍረኛል። ጥግ ይዤ ዝም ብዬ እንዳልቀር እፈራለሁ። ምን ይመክሩኛል?

ተስፈኛው፣ ከአዳማ

መልስ፦

ወንድሜ፣ እንኳን ደስ አለህ። እናትህንም እንኳን ደስ ያለዎት በልልኝ።

ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። ጎረቤት ነን፤ እኔ የወንጂ ልጅ ነኝ። እና በመጀመሪያ ያንን የጀመርከውን ዓረፍተ ነገር ሰርዘው። ውሸት ስለሆነ አይደለም። ማንም ሰው ከየትም አገር ሆኖ ሊጽፈው ስለሚችል ነው። አንተ ያደግከው አዳማ ነው፤ የምትጽፈው ብዙ ነገር አለህ።

እስቲ ዙሪያህን ተመልከት። ኮረብታው ላይ ያሉትን የነፋስ ተርባይኖች የተከሉት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው። የመጀመሪያው ዙር 34፣ ሁለተኛው 102 ተርባይን ነው፤ በድምሩ 204 ሜጋ ዋት። ቆቃ ግድብ የተሠራው ጣሊያን በከፈለችው የጦርነት ካሳ ነው። ወንጂ ስኳርን በ1946 ዓ.ም. ሥራ ያስጀመሩት ሆላንዶች ናቸው። የጅቡቲውን ባቡር ድሮ ፈረንሳዮች፣ አሁን ደግሞ ቻይናዎች ዘረጉት። ዓለም ወደ አዳማ ከመጣ ቆይቷል።

ግን ተርባይኑን ከተከሉት ሰዎች ጋር አንድ ቀን ሻይ ጠጥተህ ታውቃለህ? እኔም አልጠጣሁም። አባቴ ስኳር ፋብሪካው ውስጥ ዕድሜውን ጨርሷል። ስለ ሆላንዶቹ ሲያወራ የማሽኑን ነገር አንድ በአንድ ይነግረን ነበር። ቤታቸው ምን እንደሚበላ፣ ሲያዝኑ እንዴት እንደሚሆኑ፣ ልጅ እንዴት እንደሚያሳድጉ ግን አያውቅም። አብረው ሠሩ፤ አብረው አልኖሩም። ይሄ ለመሐንዲስ ትልቅ ጉድለት ነው። እንዴት እንደሆነ ከራሴ ሕይወት ልንገርህ።

በ1998 ዓ.ም. ለማስተርስ ሆላንድ ሄድኩ፤ ዴልፍት ከተማ፣ አይ ኤች ኢ። የውኃ ትምህርት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 የተመሠረተው የዛሬዋ ባንግላዴሽ በጎርፍ ተቸግራ መሐንዲሶቼን አሠልጥኑልኝ ስላለች ነው። ስለዚህ ተማሪው አብዛኛው እንደኛ ካሉ አገሮች የመጣ ነው። የተከራየሁበት ፎቅ ላይ 8 ሰው አንድ ኩሽና እንጋራ ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ኩሽናው ባዶ ሲሆን ጠብቄ ነበር የምበላው። ልክ አንተ እንደፈራኸው እንግሊዝኛዬን ፈርቼ። ከዚያ የነቢያት ጾም ገባ። አንድ ማታ ምስር ስሠራ እርድ አለቀብኝ። አጠገቤ ያለው ክፍል የምትኖር ሕንዳዊት የራሷን አምጥታ ሰጠችኝ። እሷ ከነጭራሹ ሥጋ አትበላም። ድስቱን ከፍታ አየችና «ይሄማ የኛ ምግብ ነው!» ብላ ሳቀች። ስትስቅ ጥርሷን አየሁት።

የወንጂ ልጅ ያንን ጥርስ በሩቁ ያውቀዋል። ቡናማ ነው፣ መስመር መስመር ያለው። እናቴም እንደዚያ ናት፤ እኔም ፎቶ ስነሳ አፌን እገጥማለሁ። እሷም የኔን አይታ ኖሯል። «ውኃው ነው?» አለችኝ። ሁለት ቃል ብቻ። «አዎ፣ ውኃው ነው» አልኳት። የእንግሊዝኛዬን ፍርሃት የረሳሁት ያን ቀን ነው።

የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም አይለፍ ይላል። በኛ አካባቢ ከዚያ እጥፍ ድርብ የሆኑ ጉድጓዶች ነበሩ። ጥርስን ያበላሻል፤ ሲብስ አጥንትን። ይህንን ለመቀነስ ውኃው ውስጥ አሉሚኒየም ሰልፌትና ኖራ ጨምሮ ማማሰል፣ ማስቀመጥ፣ ከዚያ ማጥለል የሚባል ዘዴ አለ። «ናልጎንዳ ቴክኒክ» ይባላል፤ በእኛም ስምጥ ሸለቆ ተሞክሯል። እኔ ዩኒቨርሲቲ ተምሬዋለሁ፣ ተፈትኜበታለሁ። ናልጎንዳ ግን የኬሚካል ስም ይመስለኝ ነበር።

ልጅቷ የናልጎንዳ ልጅ ነበረች። ደቡብ ሕንድ ያለ ከተማ ነው።

ያን ማታ እስከ ስድስት ሰዓት አወራን። ዘዴው መንደራቸው ውስጥ ለምን እንዳልዘለቀ የነገረችኝን በየትኛውም መጽሐፍ አላገኘሁትም። ኬሚስትሪው ይሠራል። ግን በየቀኑ መጠኑን ማን ይለካ? ዝቃጩን ማን ይድፋ? አያቷ «ጣዕሙ ተቀየረ» ብላ ከድሮው ጉድጓድ መቅዳቷን ቀጠለች። የማስተርስ ጽሑፌን ርዕስ የቀየርኩት በዚያ ሳምንት ነው። እስከ ዛሬም አንድ መንደር ስሄድ መጀመሪያ የማወራው ከአያቶች ጋር ነው።

ሁሉም እንዲህ ጣፋጭ ነው ብዬ አልዋሽህም። አንድ ጊዜ ድስቴን ሳላጥብ ሁለት ቀን ተውኩት። አንዲት ጋናዊት ሰው ሁሉ ፊት «ድስትሽ ሸተተ፣ እጠቢው» አለችኝ። ክፍሌ ገብቼ አለቀስኩ። እኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር በዘወርዋራ ነው የሚነገረው። እሷ ግን ከአምስት ደቂቃ በኋላ በሬን አንኳኩታ ቡና ትጠጫለሽ ወይ አለችኝ። ነገሩ በሷ በኩል አልቆ ነበር። ከዚያ በኋላ ሥራ ላይ ፊት ለፊት የሚናገር ሰው አያስከፋኝም። ይሉኝታችንን እወደዋለሁ፤ ግን የተሰነጠቀ ቱቦ በይሉኝታ ዝም ሲባል አይቻለሁ።

አሁን ወደ እናትህ ጉዳይ። ስጋታቸው ልክ ነው፣ አትናቀው። ግን አጎትህ ጋ ከኖርክ 40 ደቂቃ ሄዶ 40 ደቂቃ መመለስ ነው፤ ማታ ማታ የሚሆነው ነገር ሁሉ ያመልጥሃል። እንደዚህ ዓይነት ቤት ውስጥ ደግሞ ዋናው ነገር የሚሆነው ማታ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ቤቱ ግባ፤ እሑድ እሑድ አጎትህ ጋ ሂድ። ጾሙ አያሳስባችሁ። ሥጋና ወተት የማይነካ ሰው ዓለም ላይ ብዙ ነው፤ እንዲያውም ብዙ ጓደኛ የሚያመጣልህ ጾምህ ነው። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቅ። አበሻ ካገኘህ ደስ ይልሃል፣ ያለ ነው። ግን ሦስት አበሻ ሆናችሁ አንድ ጠረጴዛ ከያዛችሁ ማንም አይጠጋችሁም። እኔ ሁለተኛውን ሴሚስተር በከፊል እንዲህ አባከንኩት፤ ዛሬም ይቆጨኛል።

ስለ ዝምታህ አንድ ታሪክ ልጨምርልህ። ኒውዮርክ ያለው ኢንተርናሽናል ሃውስ የዚህ ዓይነት ቤቶች ሁሉ ታላቅ ነው ማለት ይቻላል፤ እ.ኤ.አ. በ1924 ነው የተከፈተው። የሐሳቡ መነሻ ግን 1909 ነው። ሃሪ ኤድመንድስ የሚባል ሰው ደረጃ ላይ ላገኘው ቻይናዊ ተማሪ እንዲያው ደህና አደርክ አለው። ልጁ ከተማው ውስጥ ሦስት ሳምንት ሲቆይ ያናገረው የመጀመሪያው ሰው እሱ መሆኑን ነገረው። አንተ ደግሞ ሰላምታ ከሚረዝምበት አገር ነው የምትሄደው። ለ«ደህና አደርክ» የሚበቃ እንግሊዝኛ አለህ። ቀድመህ በለው።

ፎርሙ ላይ ይህንን ጻፍ፦ ከቤቴ ደጃፍ ተርባይኖች አያለሁ፤ የተከሏቸውን ሰዎች ግን አላውቃቸውም። መሐንዲስ ስሆን አብሬያቸው ከምሠራቸው ሰዎች ጋር አስቀድሜ አብሬ መብላት እፈልጋለሁ። ቀጥለህ ምን ይዘህ እንደምትሄድ ጻፍ፤ አዳማን፣ ቡናውን፣ ጾምህን። በራስህ ቃል አድርገው፣ የኔን አትገልብጥ። ከዚያ ለቤቱ ኃላፊዎች አንድ ጥያቄ ላክላቸው፦ አንድ ኩሽና ለስንት ሰው ነው? እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ኩሽና ካለው፣ ግድግዳው ላይ የሚሰቀለው ባንዲራ ብዛት አያታልልህ፤ ሌላ ፎቅ ጠይቅ።

እናትህን ደግሞ በርበሬውን በሁለት ከረጢት ያሽጉልኝ በላቸው። አንዱን ለአጎትህ፣ አንዱን ለኩሽናው።